ማዳበሪያ ያልቀመሱ አራት መስመሮች

እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። እናቴ በሕይወት ሳለች «ይቺን ልጅ ወንበር ይፋጃታል» ትል ነበር፤ እውነቷን ነው። ስልክ ሳወራ እዞራለሁ፣ ሻይ ስጠጣ እቆማለሁ፣ በምንኖርባት ከተማ፣ በሀደራ ምዕራብ ጣቢያ፣ ባቡር ስጠብቅ መድረኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ እመላለስበታለሁ። ሥራዬም እንደ ጠባዬ ሆነልኝ። ከኢንዱስትሪ ዞኑ መጋዘኖች ጀርባ፣ መሬቱ ወደ ወንዙ በሚወርድበት በኩል፣ ድንች ለገበያ የሚያመርት እርሻ አለ። እዚያ አፈር እመረምራለሁ። መሰርሰሪያና ባልዲ ይዤ ማሳውን ወዲያ ወዲህ እያቋረጥኩ እወጋለሁ፣ የወጣውን አፈር ቀላቅዬ ወደ ላቦራቶሪ እልካለሁ፣ ውጤቱ ሲመጣ ማዳበሪያው ምን ያህል ይሁን ብዬ እመክራለሁ። አማካሪ ሲባል ከበድ ያለ ነገር ይመስላል፤ ውሎዬ ግን ጭቃ ውስጥ ነው።

አባቴ እዚያው እርሻ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርተዋል። የውሃ ቱቦ ሲዘረጉና ሲያነሱ፣ ድንች ሲለቅሙ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ጡረታ መውጣታቸውን መንግሥት ያውቃል፤ እርሳቸው ግን የሰሙ አይመስለኝም። ጠዋት ከጸሎት መልስ ከቤት ይወጡና በወንዙ ዳር መናፈሻ፣ በናሓል ሀደራ ባሕር ዛፎች ሥር በእግራቸው አቋርጠው እርሻው ይደርሳሉ። ሠራተኛው ሁሉ አባ ይላቸዋል፤ ምን ፈልገው መጡ የሚላቸው የለም። የተጣመመ ቱቦ ያቃናሉ፣ አረም ይነቅላሉ፣ ሲመለሱ ማሽን የቆረጠውን ድንች በፌስታል ይዘው ይመጣሉ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። ወጥ የሚሠሩት እርሳቸው ናቸው። አንድ ቀን «የእርስዎ ድንች አልጫ ከእማዬ ይበልጣል» ብላቸው ለእማዬ ተቆርቁረው ሳምንት ሙሉ አኩርፈውኛል።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ዓመት የአፈሩ ውጤት የመጣ ቀን ነው። የእርሻው ሥራ አስኪያጅ እዚሁ አገር የተወለደ፣ ሃምሳውን የተሻገረ፣ ንግግር የሚቆጥብ ሰው ነው። ድንች በዘራ ቁጥር ፎስፎረስ ይጨምራል፤ በዕብራይስጡ ዛርሓን ይሉታል። አባቱ ይጨምሩ የነበረውን ያህል፣ ከዓመት ዓመት፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ። ውጤቱን ሳየው አፈሩ ጠግቧል። ፎስፎረስ እንደ ናይትሮጅን በውሃ ታጥቦ ወደ ታች አይወርድም፤ ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ይከማቻል። ተክሉ የሚወስደው ጥቂቱን ነው። የተረፈው ከዓመት ዓመት እየተደራረበ ኖሯል። ከዚያ ክረምት ዝናቡ ሲያይል አፈሩ ራሱ እየተሸረሸረ ይወርድና ይዞት ወደ ወንዙ ይገባል። በበጋ የወንዙ ጥግ አረንጓዴ ሆኖ ሲሸት ለሽርሽር የመጣው ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይይዛል። ሰው ሁሉ ወንዙ ዳር ያለውን ፋብሪካ ይረግማል፤ እኔ ግን የራሳችን ከረጢቶች ይታዩኝ ነበር።

ወረቀቱን ይዤ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄድኩ።

«ድንች ዛርሓን ካላገኘ ሥር አይሰድም» አለኝ።

«እውነት ነው። ግን አለው። መሬቱ ውስጥ ሞልቷል፤ በሞላ ጎተራ ላይ ነው የምትጨምረው።»

«ሲበርድስ?»

ይኼኛው ጥያቄ ልክ ነበር። አፈር ሲቀዘቅዝ ሥሩ ይሰንፋል፤ አጠገቡ ያለውን ፎስፎረስ እንኳ መውሰድ ያቅተዋል። ድንች የምንዘራው በዓመት ሁለቴ፣ በብርዱ ወርና በመኸር ነው፤ የቀረበው ደግሞ የብርዱ ዘር ነበር። እኔም ትዕግሥት የለኝ፣ «እንሞክረው» አልኩት። ተስማማን። ከማሳው ውስጥ፣ ከእርሻው መንገድ ብዙ ሳይርቁ፣ አራት መስመሮች አንዲት ፍሬ ፎስፎረስ ሳያገኙ ይዘራሉ። ምርታቸው ከሌላው እኩል ከሆነ፣ በመኸሩ ዘር ማሳው በሙሉ ያለ ፎስፎረስ ይዘራል። «ካነሰ ግን» አለኝ፣ ፈገግ ብሎ፣ «ሌላ አማካሪ እፈልጋለሁ።» ፈገግታው ቀልድ እንዳልነበር ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

በዘሩ ቀን አባቴ ቆመው ያያሉ። ትራክተሩ አራቱ መስመሮች ላይ ሲደርስ ሹፌሩ የማዳበሪያውን ሳጥን ዘጋው።

«ምነው፣ ዴሸኑ አለቀ?» አሉኝ። ማዳበሪያን እንዲያ ነው የሚጠሩት።

«አላለቀም አባ። እነዚህ እንዲቀርባቸው ነው። ለሙከራ።»

«ሆን ብለሽ?»

«ሆን ብዬ።»

ዘሩ አፈር ሲለብስ እያዩ ቆዩ። «እኛ አገር መሬት የሚራበው ሰው ሲያጣ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «አመድ የለ፣ ፋንድያ የለ፣ እንግዲህ ምን ይደረግ። ኖሮት የሚያስርብ ሰው ገና አሁን አየሁ።» አስረዳኋቸው። ክምችቱን ነገርኳቸው፣ ወንዙን ነገርኳቸው። «እሺ ልጄ» አሉኝ። የአባቴ እሺ ብዙ ዓይነት ነው፤ ይኼኛው ያልተስማሙበት እሺ ነበር።

ቡቃያው ሲወጣ መጀመሪያ ሁሉም እኩል ነበር። ከዚያ ያ ብርድ መጣ። ዝናቡ ለቀናት አላቋርጥ አለ፣ ፀሐይ ጠፋች፣ አፈሩ እጅ ሲያስገቡበት ያደነዝዝ ነበር። ማሳው ቀስ እያለም ቢሆን አደገ፤ የእኔ አራት መስመሮች ግን ቆሙ። ቅጠላቸው አነሰ፣ ጠቆረ፣ ገልብጠው ሲያዩት ጀርባው የወይን ጠጅ መልክ አመጣ። ከመንገዱ ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ሁሉ ይለየዋል። ሥራ አስኪያጁ በመኪናው ሲያልፍ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አየና መልሶ ዘግቶት ሄደ። ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ እኔን ማን ያስቀምጠኝ። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር እሄዳለሁ፣ በምሳ ሰዓት እሄዳለሁ፣ ማታ ሳይመሽ ደግሜ እሄዳለሁ። ማስመሪያ ይዤ ቅጠል እለካለሁ፤ ቅጠል በግማሽ ቀን የሚያድግ ይመስል። የለካሁትን ማስታወሻዬ ላይ ጽፌ እንደገና እለካለሁ። ቤት ስገባ አባቴ አቅርበው ይጠብቁኛል። ቆሜ አንድ ሁለቴ እነካካና እተወዋለሁ።

«ብዪ እንጂ ልጄ።»

«በልቻለሁ አባ።»

«የት?»

«ሥራ ቦታ።»

ውሸቴን ነው። እርሳቸውም አይከራከሩኝም፤ ሳህኔን በሌላ ሳህን ከድነው ያስቀምጡልኛል። አንድ ቀን ሱሪዬ ወገቤ ላይ አልቆም ብሎ በገመድ አሰርኩት። «አባ፣ ያ መስመር ከቀረ እኔም ቀረሁ» አልኳቸው፤ እየሳቅኩ ነው ያልኩት፣ ዓይኔ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ከዚያ ብርዱ ለቀቀ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ አንድ ጠዋት ብሄድ የእኔ መስመሮች ቀና ብለዋል። ቅጠሉ ተዘርግቷል፣ ጥቁረቱ ለቋል። ሌላ ሳምንት ሲጨመር ከመንገዱ ላይ ቆሜ የትኛው የኔ እንደሆነ ለመለየት ችካሎቼን መፈለግ ነበረብኝ። አፈሩ ሞቆ ሥሩ ሥራውን ጀመረ ማለት ነው፤ ያልኩት ደረሰ። ብቻዬን ማሳ መሐል ቆሜ በትከሻዬ እስክስታ መታሁ፣ ሹፌሩ ከሩቅ አይቶኝ ጡሩምባ ነፋልኝ። ቤት ገብቼ ሁለት ሳህን አልጫ በላሁ። አባቴ «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉና ወደ ጓዳ ገቡ። ደስታቸው አነሰኝ። የራሳቸውን ክርክር ተሸንፈው ነው ብዬ አሰብኩ፣ ውስጥ ውስጡንም ደስ አለኝ።

ምርቱ ሲደርስ በአራቱ መስመሮች ላይ ስድስት ቦታ መርጬ በእጅ ቆፈርኩ። እያንዳንዱ ቦታ ከባሕር ዛፎቹ ስንት እርምጃ እንደሆነ ጻፍኩ፤ ድንቹን ቆጠርኩ፣ መዘንኩ። ከጎን ካሉት፣ ማዳበሪያ ከጠገቡት መስመሮችም እንዲሁ ስድስት ቦታ። ልዩነት አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበውና «በሴደር» አለ፤ እሺ ማለቱ ነው፣ ከእርሱ አፍ ደግሞ ይኼ ረጅም ንግግር ነው። በመኸሩ ማሳው ሁሉ ያለ ፎስፎረስ እንደሚዘራ ለሹፌሩ ነገረው። ያን በጋ አንገቴን ቀና አድርጌ ሄድኩ።

የመኸሩ ዘር የሚጀመረው ታላቁ ጾም፣ ዮም ኪፑር፣ በዋለ በሁለተኛው ቀን ነበር። አባቴ ይኼን ጾም አሁንም በአገር ቤቱ ስም አስተስርዮ ይሉታል። እኛ ከአገር ቤት የመጣን አይሁዶች ዘንድ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሰው እየዞረ ይቅርታ ይጠያየቃል፤ ታናሽ ለታላቅ ጉልበት ይስማል። እኔም እንደየዓመቱ አመሻሽ ላይ ሳሎን ገብቼ ጎንበስ አልኩ፣ ጉልበታቸውን ሳምኩ፣ «አባ፣ ያስቀየምኩዎትን ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«ይቅር ብያለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ» አሉ። ከዚያ እጄን ሳይለቁ፣ «አንቺም ይቅር በዪኝ» አሉኝ።

ሳቅሁ። ወላጅ ለልጁ እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም። «እርስዎ ደግሞ ምን አድርገውኝ?»

«ያንን መስመር አብልቼዋለሁ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ሲገባኝ ከጎነበስኩበት ተነሣሁ፤ መነሣቴን ያወቅኩት ከቆምኩ በኋላ ነው።

«መቼ?»

«በዚያ ብርድ ጊዜ።»

«ምን አበሉት?»

«ዴሸን። ዕቃ ቤቱ፣ ማኽሳኑ ውስጥ የተከፈተ ከረጢት ነበር፤ ሁለት ባልዲ ወሰድኩ።»

«ላዩ ላይ በተኑት?»

ቅር አላቸው። «እኔ መሬት አላውቅም? በዶማ ከግንዱ አጠገብ እየቆፈርኩ ቀበርኩት።»

በሆዴ፣ ላዩ ላይ ቢበትኑት ኖሮ ሥሩ ጋ አይደርስም ነበር እላለሁ። የእኔ አባት ግን እንደዚያ አይሠሩም፤ በትክክል ሥሩ ጋ አድርሰውታል። «እስከ የት? መስመሩን በሙሉ?» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ለአባቴ እንዲያ ተናግሬ አላውቅም። እርሳቸው ወደ መስኮቱ አዩ። ፀሐይዋ ልትገባ ነው።

«ይኼ የሥራ ነገር ነው» አሉ። «ጾሙ ሲወጣ አሳይሻለሁ።» ነጭ ጋቢያቸውን ለበሱ፣ በትራቸውን ያዙ፣ ወደ ጸሎት ቤት ሄዱ። በሩ ሲዘጋ ነው ይቅር ብያለሁ እንዳላልኳቸው ትዝ ያለኝ።

የዚያ ቀን ነገር አይነሣ። ዮም ኪፑር ለእኔ ዓይነት ሰው የተሠራ ቀን አይደለም። መኪና የለ፣ ስልክ የለ፣ ሱቅ የለ፤ ልጆች በዋናው ጎዳና ላይ ብስክሌት ይነዳሉ። እኔ ጠዋት ተነሥቼ እስከ ባቡር ጣቢያው ሄድኩ። በሩ ተቆልፏል። ተመለስኩ። ደግሞ ወደ መናፈሻው ወረድኩ፣ ወንዙን አየሁ፣ ተመለስኩ። አፌ ደርቋል፣ እግሬ ግን አልቆም አለኝ።

የሚያሯሩጠኝ አንድ ሐሳብ ነው። ከነገ ወዲያ ትራክተሩ ማሳ ሙሉ ድንች ያለ ፎስፎረስ ሊዘራ ነው፤ በእኔ ወረቀት አምኖ። ወረቀቱ ደግሞ የእኔን ፊርማ የያዘ ሐሰት ነው። የጾመው መስመር በልቶ ነበር። በእርግጥ ማንም አያውቅም፣ ከአባቴና ከእኔ በስተቀር። አፈሩ ጠግቧል፣ ላቦራቶሪው ብሏል፣ ምናልባት ሳይበላም ያው ይሆን ነበር እላለሁ። ምናልባት ብዬ አንድ ሙሉ ማሳ ልዘራ ነው? ደግሞ ብናገር፣ የአማካሪዋ አባት በሙከራው መሐል ዶማ ይዞ ገባ ብዬ ነው የምናገረው። ሥራ አስኪያጁ ፊቱን ሲያዞር ይታየኛል። በአባቴ ተናደድኩ። ከዚያ በራሴ ተናደድኩ፤ በሰባ ምናምን ዓመታቸው ውሃ ሳይቀምሱ ቆመው የሚጸልዩትን ሰውዬ ያለ ይቅርታ ነው የላክኋቸው።

ከሰዓት በኋላ ጸሎት ቤቱ ደጃፍ ድረስ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ቄሶቹ ፊት ለፊት ናቸው፣ አባቴ ከሽማግሌዎቹ መሐል በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ጎንበስ ብለው ሲነሡ በትራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ልገባ አልኩ። ብገባስ በጸሎት መሐል ምን ልላቸው? ንዴቴም ገና አልበረደልኝም ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ተመለስኩ።

ጾሙ ሲወጣ ውሃ ቀዳሁላቸው። «ነገ በጠዋት አብረን እንሂድ» አልኳቸው፤ «እሺ» አሉኝ። ሌላ አልተነጋገርንም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ማሳው ታርሶ፣ ለስልሶ፣ ለዘር ተዘጋጅቶ ጠበቀን። የአራቱ መስመሮች ምልክት ጠፍቷል፣ ችካሎቼን ራሴ ነቅያለሁ። አባቴ ግን አልተጨነቁም። በእርሻው መንገድ ዳር ዳር ከባሕር ዛፎቹ ጀምረው ሄዱ፣ ሄዱ፣ ሣር ውስጥ ያለ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ዘንድ ሲደርሱ በበትራቸው ነኩት።

«እስከዚህ» አሉ።

ከአራቱም መስመሮች ግማሹ ያህል ነው። «ለምን እዚህ ቆሙ?»

«ሁለተኛው ባልዲ እዚህ አለቀ። ለሦስተኛው ልመለስ ብል ጉልበቴ እንቢ አለኝ።»

«ድንጋዩስ?»

«ምልክት ነው። ማግስቱን ልጨርሰው ነበር። ማግስቱን ዝናብ ዋለ። ከዚያ ቅጠሉ ቀና አለ፣ ተውኩት።»

ቦርሳዬ ውስጥ ወረቀቱ አለ። ከባሕር ዛፎቹ ተነሥቼ እርምጃዬን እየቆጠርኩ መጣሁ። ከስድስቱ ቦታዎች ሦስቱ ከድንጋዩ ወዲህ ናቸው፤ አባቴ ያበሉት። ሦስቱ ከድንጋዩ ወዲያ ናቸው፤ ምንም ያልቀመሱት። ክብደቱን ከክብደቱ አስተያየሁ። ያው ነው። እንዲያውም ከስድስቱ ትልቁ ክብደት ከወዲያ በኩል ካለው ነው፣ ትንሹ አባቴ ካበሉት። አላመንኩም። ተመልሼ ከዛፎቹ እንደገና ቆጠርኩ። ሦስተኛ ጊዜ ስቆጥር አባቴ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁኝ ጀመር።

ሥራ አስኪያጁ በመኪናው ሲደርስ እኔ ገና ሩቅ ነበርኩ። እየሮጥኩ ስመጣ አባቴ ተነሥተው ቀድመውኛል። «አኒ ሳምቲ» ይሉታል በዕብራይስጣቸው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፤ እኔ ነኝ የጨመርኩ ማለታቸው ነው። «ዴሸን። እኔ። እርሷ አላወቀችም።»

ሥራ አስኪያጁ እኔን አየኝ። ኮፍያውን አወለቀና መልሶ አደረገው። ተቆጥቶ ነበር፣ አንገቱ ቀልቶ። «የምዘራው ነገ ነው» አለ። «ማሽኑን ሁሉ ከማዳበሪያ አጥበናል።» ከዚያ ወደ አባቴ ዞሮ፣ «ስንት ባልዲ?» ሲል ጠየቀ። ሁለት አሉት። እስከ የት ሲላቸው ድንጋዩን አሳዩት። እኔ ወረቀቱን ዘረጋሁለት፣ ከድንጋዩ ወዲህና ወዲያ ያለውን በጣቴ እያሳየሁ። ልቤ ይኸው ያልኩት ልክ ነበር በይ ይለኛል፤ አፌ ግን እውነቱን ተናገረ። «እኩል ነው። ግን የሦስት ቦታ ውጤት አምኜ ማሳ ሙሉ አልዘራም። እኔ ብሆን አልዘራም» አልኩት።

ከዚያ ወሰነ። ማሳው የቀድሞውን ሩብ ያህል ያገኛል፤ እርሱም ተበትኖ ሳይሆን ከዘሩ አጠገብ ተቀብሮ፣ ብርድ ቢመጣ ጨቅላው ሥር ሩቅ ሳይሄድ እንዲያገኘው። አራት መስመሮች ደግሞ ዘንድሮም ባዶ ይቀራሉ፣ በሁለት የተለያየ ቦታ። ወደ መኪናው ሲሄድ መለስ ብሎ፣ «አባ» አላቸው፣ «ከዚህ ማሳ ባልዲ ይዘው እንዳላይዎት።» አባቴ አንገታቸውን ደፉ። እኔን የሚቀጥለውን ናሙና መቼ እንደምወስድ ብቻ ጠየቀኝ። ሐሙስ አልኩት። «በሴደር» አለ።

በባሕር ዛፎቹ ሥር ወደ ቤት ስንመለስ ለመጀመሪያ ጊዜ በእርሳቸው እርምጃ ሄድኩ። ደስታና ቅሬታ ተቀላቅሎብኛል። ባዶ ያልኩት ሩብ ሆነ፤ ሩብም ቢሆን ከዚያ ሁሉ ከረጢት ይሻላል፣ ሥራዬም አለ። አንድ ነገር ብቻ አልገባ ብሎኝ እየነዘነዘኝ ነበር።

«አባ፣ መሬቱ ያን ያህል አሳዘነዎት?»

ቆሙ። «የምን መሬት?» አሉኝ። «አንቺ ነሻ። እህል መቅመስ ትተሽ ነበር። እኔ ሳህንሽን ከድኜ አስቀምጣለሁ፣ ጠዋት ደግሞ እንዳለ አገኘዋለሁ። ትልቅ ሴት ነሽ፣ ባፍሽ በግድ አልጨምርብሽ። መስመሩን ግን ማብላት እችላለሁ። እርሱ ቀና ሲል አንቺም በላሽ።»

መንገዱ ላይ፣ ብስክሌት የሚነዳ ሰው እያለፈ፣ ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። አፈር ነክቶታል። «ይቅር ብያለሁ» አልኳቸው። «አንድ ቀን ዘገየሽ» አሉኝና መንገዳችንን ቀጠልን።

አሁን የአዲሱ ዘር ብርድ ገብቷል። ባዶዎቹ መስመሮች ቅጠላቸው አንሷል፣ ጀርባው የወይን ጠጅ መልክ ማምጣት ጀምሯል። ጠባይ አይለወጥም፤ ማስመሪያዬን ይዤ በቀን ሦስቴ እመላለሳለሁ። ማታ ቤት ስገባ ግን ጃኬቴን ሳላወልቅ ከአባቴ ፊት ለፊት ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ።

«ዛሬስ እንዴት ናቸው?» ይሉኛል፣ ጭልፋውን እንደያዙ።

«ደኅና ናቸው አባ።»

ትክ ብለው ያዩኛል። ትናንት መብላት አላሰኘኝም ነበር፤ ካልበላሁ ግን አባቴ ባልዲ ያነሣሉ። ሙከራው እንዳይበላሽ ሁለት ሳህን ጨርሼ በላሁ።